ሳይበቅል የተፈረደበት ጥርስ

አማርኛችን የበሰለን ሰው «ምራቁን የዋጠ» ይለዋል። ያልበሰለውስ? እሱማ ገና ለሃጩን ያዝረበርባል። ይህን አባባል የፈጠሩት ሰዎች ሕፃን ደህና አድርገው አይተው መሆን አለበት። ሕፃን ሦስት ወር ሲያልፈው የምራቅ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ያጧጡፋሉ፤ ምራቅን ሰብስቦ የመዋጥ ችሎታው ግን ገና አልደረሰም። ከንፈሩን ገጥሞ መያዝ አያውቅበትም፣ ከፊት የሚገድብለት ጥርስም የለውም። ስለዚህ ይፈስሳል። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብዙ ጊዜ ብቅ የምትለው ስድስት ወር ገደማ ነው። ለሃጩ ከጥርሷ ሁለትና ሦስት ወር ቀድሞ መጥቷል ማለት ነው።

ግን ይህን ለሴት አያት ማን ደፍሮ ይነግራል? ለሃጩ ፈሰሰ፤ «ጥርስ ሊያወጣ ነው»። አተኮሰው፤ «ጥርስ ነው»። ሌሊቱን አለቀሰ፤ «ጥርስ ነው»። አስቀመጠው፤ «ጥርስ ነዋ! አንተም እንዲህ ነበርክ»። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ይህን ውይይት ታውቁታላችሁ። ከሌለም አንድ ቀን ትደርሱበታላችሁ።

ለአያቶቻችን ፍትሐዊ እንሁንና፣ ይህን ያመኑት እነሱ ብቻ አይደሉም። የዓለም ታላላቅ ሐኪሞችም ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንዲሁ ብለዋል። ሐኪሞቹ ግን ብለው ብቻ አላበቁም፤ ቢላም አነሱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ክሱ የሚጀምረው ከግሪክ ነው። በሂፖክራተስ ስም ከተላለፉት ጽሑፎች መካከል ስለ ጥርስ ማውጣት ብቻ የተጻፈ አጭር ድርሰት አለ። «አፎሪዝም» በሚባለው ዝነኛ ስብስብ ውስጥ ደግሞ ጥርስ ሲቃረብ በሕፃናት ላይ የሚደርሰው ተዘርዝሯል፤ የድድ ማሳከክ፣ ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥና ተቅማጥ። በተለይ ደግሞ የክራንቻ ጥርሶች ሲወጡ ይብሳል ይላል። ይህቺን የክራንቻ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ ይሠራ በነበረው በሶራኑስ ዘመን ደግሞ ድዱን የጥንቸል አንጎል መቀባት የታወቀ ሕክምና ነበር። ይህ ሕክምና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ከመጽሐፍ መጽሐፍ እየተገለበጠ ኖሯል። ቢያንስ አልገደለም (ከሕፃኑ ወገን፤ ጥንቸሉን አልጠየቅንም)።

አሁን ወደ ለንደን እንሂድ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ የሟቾቿን ቁጥርና የሞት ምክንያት የያዘ ዝርዝር በየሳምንቱ ታሳትም ነበር። ምክንያቱን የሚወስኑት ሐኪሞች አልነበሩም። በየደብሩ የተመደቡ፣ ባብዛኛው አሮጊት የሆኑ ሴቶች አስከሬኑን አይተው፣ ቤተሰቡን ጠይቀው ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ይመዘግባል። ጆን ግራውንት የተባለ ነጋዴ እነዚህን ወረቀቶች ሰብስቦ በ1662 አንድ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ የሕዝብ ስታቲስቲክስ አባት የሚባለው እሱ ነው። ግራውንት ባጠናቸው 20 ዓመታት ከሞቱት 229 ሺህ ያህል ሰዎች ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት «ጥርስና ትል» በሚል ርዕስ ሥር ተመዝግበዋል። መዝገቡ ላይ ጥርስ እንደ ወረርሽኝ ነው።

መዝገቡ ዘመናዊ ሲሆንም ጥርሱ ነፃ አልወጣም። በ1839 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ 5,016 ሞት በጥርስ ማውጣት ምክንያት ተመዝግቧል። ይህ እንግዲህ የባቡር ዘመን ነው፤ ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነበት ዓመት።

አንድ ወንጀለኛ ይህን ያህል ሰው ከገደለ ዝም አይባልም። እርምጃው የመጣው ከፈረንሳይ ነው። የነገሥታት ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ የአንድ ትልቅ መስፍን ልጅ በስምንት ወሩ ሞቶ ምክንያቱን እንዲፈልግ ተጠራ። የሕፃኑ ድድ ጠጣርና ያበጠ ሆኖ አገኘው። በቢላ ሲከፍተው ከሥሩ ለመውጣት የተዘጋጁ ጥርሶችን አየ። መደምደሚያው ወዲያው መጣ፤ ልጁ በሕይወት እያለ ይህ ድድ ተቀዶ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር! ልብ በሉ፣ የየትኛውም የስምንት ወር ሕፃን ድድ ቢከፈት ከሥሩ ጥርስ አለ። ፓሬ ደህና ልጆችን ከፍቶ አላወዳደረም። እንዴትስ ያወዳድራል?

ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት የሕፃናትን ድድ መቅደድ የተማረ ሐኪም ሥራ ሆነ። ላንሴት የምትባለው ትንሽ ስለታም ቢላ ከሐኪሙ ኪስ አትጠፋም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቀዶ ሕክምና ቁንጮ የነበረው ጆን ሃንተር በአንድ ጥርስ ላይ ከአሥር ጊዜ በላይ የቀደደበት ጊዜ እንዳለ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ማርሻል ሆል ደግሞ ባሰ። ሆል ተራ ሰው አይደለም፤ እጃችን እሳት ሲነካ ሳናስበው የምንሸሽበትን የአከርካሪ ነርቭ አሠራር ካብራሩት ሊቃውንት አንዱ ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ጥርሱ ነርቭ ይቆነጥጣል፣ ነርቩ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል ብሎ በራሱ ንድፈ ሐሳብ ራሱን አሳመነ። አስፈላጊ ሆኖ አንድ ጊዜ ከመዝለል 199 ጊዜ ያለ አስፈላጊነት መቅደድ ይሻለኛል እስከ ማለት ደረሰ። ቢላው ንጹሕ ስለመሆኑ የሚጨነቅ አልነበረም፤ ጀርም የሚባል ነገር ገና አልታወቀምና።

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ግን የአንድ ጀማሪ ሐኪም ታሪክ ነው። በ1835 ጄ. ማሪዮን ሲምስ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ከሕክምና ትምህርት ቤት ወጥቶ፣ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ላንካስተር በምትባል የትውልድ ከተማው ክሊኒክ ከፈተ። ከቆርቆሮ የተሠራ ትልቅ ማስታወቂያም ሰቀለ። የመጀመሪያ ታካሚው አንድ ዓመት ተኩል የሆነው፣ በተቅማጥ የመነመነ ሕፃን ነበር። ሲምስ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። የልጁን አፍ ሲያይ ድዱ ያበጠ መሰለው፤ ቢላውን አውጥቶ እስከ ጥርሱ ድረስ ቀደደው። የተማረው ይህንኑ ነበር። ከዚያ ቤቱ ገብቶ የሕክምና መጽሐፉን እየገለጠ፣ ከምዕራፍ ምዕራፍ እየዘለለ መድኃኒት አዘዘ። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን። ሕፃኑ ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሌላ ሕፃን መጣለት፤ እሱም ሞተ። ወጣቱ ማስታወቂያውን ነቅሎ አንድ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ ወረወረና ወደ አላባማ ተሰደደ። ይህን ሁሉ የነገረን ራሱ ነው፣ በግለ ታሪኩ ውስጥ። (ይኸው ሰው አላባማ ውስጥ በባርነት ባሉ ሴቶች ላይ ያለ ማደንዘዣ ባደረጋቸው ቀዶ ሕክምናዎች በኋላ ዝናም ውግዘትም አትርፏል። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

የሕፃኑን ሁኔታ እንደገና እንየው። ለቀናት አስቀምጦታል፤ ሰውነቱ ውኃ ጨርሷል። የተደረገለት እርዳታ ደግሞ ደሙን ማፍሰስ ነው።

ተቃዋሚ አልነበረም ማለት አይደለም። ዊሊያም ካዶጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1748 ባሳተመው የሕፃናት አያያዝ ጽሑፍ፣ ጥርስ ማውጣት በተፈጥሮው የሚገድል ነገር ሊሆን እንደማይችል፣ ጥፋቱ ያለው ከአስተዳደጉ እንደሆነ ተከራክሯል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ታትሟል። ቢላውን ግን አላስጣለም።

ቢላው ሐኪም ይፈልጋል፣ ሐኪም ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ለድሃው ብልቃጥ መጣለት። በ1849 ሜይን በተባለችው የአሜሪካ ግዛት «የወይዘሮ ዊንስሎው ማስታገሻ ሽሮፕ» ገበያ ወጣ። ማስታወቂያው ላይ ደርባባ እናት፣ ጭኗ ላይ ፈገግ ያለ ሕፃን። ለጥርስ ፍቱን ነው። እውነትም ልጁ ጸጥ ይላል፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ሞርፊን ነዋ! በአንድ የአሜሪካ ፈሳሽ አውንስ (30 ሚሊ ሊትር ገደማ) 65 ሚሊ ግራም። አንዳንዶቹ ሕፃናት ጸጥ እንዳሉ አልነቁም። አሜሪካ በ1906 ባወጣችው ሕግ አምራቾች እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮችን ብልቃጡ ላይ እንዲጽፉ ተገደዱ። በ1911 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሽሮፑን ከ«ሕፃን ገዳዮች» ተርታ አሰለፈው። እንዲያም ሆኖ እስከ 1930 አካባቢ ሲሸጥ ኖሯል።

እንግሊዝና አውስትራሊያ ደግሞ ዱቄት ይወዱ ነበር። የጥርስ ዱቄቱ ውስጥ ያለው ካሎሜል ነው፤ ካሎሜል ማለት የሜርኩሪ ውሁድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች አንድ እንግዳ በሽታ ማየት ጀመሩ። የሕፃኑ እጅና እግር ሮዝ ይሆናል፣ ቆዳው ይላጣል፣ ብርሃን ማየት አይችልም፣ ቀንና ሌሊት ያለቅሳል። «ሮዝ በሽታ» አሉት። ቫይረስ ነው ተባለ፣ የምግብ እጥረት ነው ተባለ። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከ1939 እስከ 1948 ብቻ 585 ልጆች ገደለ። በ1948 አሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ ጆሴፍ ዋርካኒና የሥራ ባልደረባው በታመሙት ልጆች ሽንት ውስጥ ሜርኩሪ ማግኘታቸውን አሳተሙ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሜርኩሪው ከዱቄቶቹ ሲወጣ በሽታውም አብሮት ጠፋ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሜርኩሪ ሰውነት ውስጥ ሲበዛ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ምንድን ነው? ለሃጭ። አፍ ምራቅ ያጎርፋል፣ ድድ ያብጣል፣ ሲከፋም ጥርስ ይረግፋል። በድሮ ጊዜ የቂጥኝ ሐኪሞች ሜርኩሪ ሲሰጡ መድኃኒቱ መሥራቱን የሚያውቁት በሚፈሰው ምራቅ ብዛት ነበር። እናት ልጄ ለሃጩ በዛ፣ ድዱም አበጠ ብላ ዱቄቱን ትሰጣለች፤ ዱቄቱ ለሃጩንና እብጠቱን ይጨምራል፤ እሷም ጥርሱ እየባሰበት ነው ብላ ትደግማለች። ሮዝ በሽታ የያዛቸው አንዳንድ ልጆች ሐኪም ፊት ሲቀርቡ የበቀሉት ጥርሶቻቸውም ወልቀው ነበር።

«ይህ የድሮ ነገር ነው» የሚል አንባቢ ካለ ወደ ናይጄሪያ ይምጣ። በ2008 መጨረሻ «ማይ ፒኪን» የተባለ የሕፃናት ጥርስ ማስታገሻ ሽሮፕ የወሰዱ ልጆች ኩላሊታቸው ሥራ ማቆም ጀመረ። «ማይ ፒኪን» በፒጂን «ልጄ» ማለት ነው። ሽሮፑ ውስጥ ዳይኢቲሊን ግላይኮል የተባለ የኢንዱስትሪ መርዝ ተገኘ። 84 ልጆች ሞቱ። በ2013 ሌጎስ ያለ ፍርድ ቤት ሁለት የአምራቹን ሠራተኞች በሰባት ዓመት እስራት ቀጣ። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞላችሁ የሚመጣው ድድ የሚያደነዝዝ ጄልስ? በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ቤንዞኬይን የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም በድንገት ሊያሳጣ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 አምራቾች ለሕፃናት ጥርስ መሸጣቸውን እንዲያቆሙ ነግሯቸዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለጥርስ ተብለው ስለሚደረጉ የአንገት ዶቃዎችም አስጠንቅቋል፤ አንድ የ18 ወር ሕፃን ተኝቶ ሳለ ዶቃው አንቆት ሞቶ ነበር።

አሁን ያቺን ክራንቻ እናምጣት። ፈረንጅ ከላንሴት ወደ ሽሮፕ ሲሸጋገር እኛ አካባቢ ስለቱ ቀጥሏል። በ1969 የንስ ፒንድቦርግ የተባለ ዴንማርካዊ የጥርስ ሊቅ፣ ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ ክራንቻ የሌላቸው ብዙ ልጆች እንዳሉ ጻፈ። ልጆቹ ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዛቸው ገና ያልበቀለው ክራንቻቸው ከድዳቸው ውስጥ ተቆፍሮ ወጥቶ ነው። ኡጋንዳ «ኤቢኖ» ይሉታል፣ ታንዛኒያ «የፕላስቲክ ጥርስ» ይሉታል። እኛ «የወተት ጥርስ ማስነቀል» እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜ ከእንጥል ማስቆረጥ ጋር ተከታትሎ የሚሄድ ነው።

ለምን ክራንቻ? ድርጊቱን የሚፈጽሙት ሰዎች ሂፖክራተስን አንብበው አይደለም። የወተት ክራንቻ የሚወጣው ከ16 ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ድዱን ገፍቶ ነጣ ያለ እብጠት ሆኖ ለወራት ይታያል። ሕፃኑ ታሞ አፉን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ተቆፍሮ ሲወጣም ገና ስላልጠነከረ ለስላሳና ነጭ ነው፤ «ይኸው ትሉ!» ተብሎ ለእናት ይታያል። ማስረጃው መዳፍ ላይ ነው፣ ማን ይከራከራል? ለንደን ላይ «ጥርስና ትል» በአንድ መስመር የተጻፉት በከንቱ አይደለም ያሰኛል።

መቆፈሪያው ሚስማር፣ መርፌ፣ የብስክሌት ራጂ ወይም ምላጭ ሊሆን ይችላል። አንዱ መሣሪያ ከአንዱ ሕፃን አፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። መድማት፣ መመረዝ፣ ቴታነስ አለ። የተረፈው ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥር የነበረው የቋሚው ክራንቻ ጽንስ አብሮ ተጎድቶበታል፤ ሲያድግ ጥርሱ ወይ አይወጣም ወይ ተበላሽቶ ይወጣል። ወደ እስራኤል የገቡ ኢትዮጵያውያን አይሁድ ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች በ1994 ባሳተሙት ጥናት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ የዚህን ምልክት አግኝተዋል። በሳቅ መካከል የምትታይ ክፍተት፤ ልጁ ራሱ የማያስታውሰው ሕመም ማስረጃ።

ሀገር ቤት በ1987 የተቋቋመው የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ፣ በኋላም ማኅበር ሆኖ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀልን ከግርዛትና ከጠለፋ ጋር በአንድ ዝርዝር ይዞ ቀስቅሷል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን ደግሞ በነፍሰ ጡሮችና በሕፃናት ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በሚቀጣው ክፍል ይደርስበታል። ግርዛትና ጠለፋ መድረክ ሲያገኙ ጥርስ ግን ሁሌ ጥግ ላይ ናት። «ጥርስ እኮ ናት» ይባላል።

እና ልጆቹን የገደለው ማን ነበር? ስድስት ወር አካባቢ ብዙ ነገር በአንዴ ይመጣል። ከእናቱ በእትብት የወረሰው የበሽታ መከላከያ እያለቀ ነው። መዳህ ይጀምራል፣ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከትታል። ከጡት ሌላ ምግብና ውኃ ይቀምሳል፤ ውኃው ካልተፈላ፣ ጡጦው ካልታጠበ ጀርሙ አብሮ ይገባል። ጥርሱም የሚበቅለው በዚሁ ወቅት ነው። በቦታው የተገኙት ብዙ ናቸው፤ በዓይን የሚታየው ጥርስ ብቻ ስለሆነ ታሰረ።

ሌሎቹን ለማየት ማይክሮስኮፕ አስፈለገ። በ1973 ሜልበርን ውስጥ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ በከባድ ተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በተወሰደ ናሙና ውስጥ አንድ ቫይረስ አዩ። ዛሬ ሮታቫይረስ ይባላል። አብዝቶ የሚያጠቃው ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያሉትን ነው፤ የወተት ጥርስ በሚበቅልበት ዕድሜ በትክክል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ የባንግላዴሽ ጦርነት ባፈናቀላቸው ሰዎች በተጨናነቀ የሕንድ ድንበር ካምፕ ውስጥ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በበርሜል አዘጋጅቶ ለኮሌራ ሕመምተኞች አጠጣ። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ያቺ ውኃ ናት ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ በትንሽ ከረጢት ኦአርኤስ ተብላ የምትሸጠው። የሲምስ የመጀመሪያ ታካሚ የሚያስፈልገው ይህቺ ነበረች፤ ስኳርም ጨውም ላንካስተር ውስጥ ነበሩ። የሮታቫይረስ ክትባት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2013 ነው።

ጥርሱን ራሱን በወጉ የመረመሩት ዘግይተው ነው። በ2000 ሁለት ጥናቶች ታተሙ። አንደኛው አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ 125 ሕፃናትን፣ 475 ጥርስ ሲበቅል፣ ቀን በቀን ተከታተለ። ለሃጭ፣ መንከስ፣ ድድ ማሸት፣ መነጫነጭ፣ ለዘብ ያለ ሙቀት በርግጥ በጥቂቱ ይጨምራሉ፤ ከባድ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን ከጥርሱ ጋር አልተያያዙም። ሌላው ሜልበርን ውስጥ በሦስት የሕፃናት ማቆያዎች ያሉ 21 ልጆችን ለሰባት ወር አየ፤ በየሥራ ቀኑ ሙቀታቸው ተለካ፣ ድዳቸው ታየ፣ ወላጅና ሞግዚት ተጠየቁ። 90 ጥርሶች ሲወጡ ተመዘገበ። ጥርስ በወጣባቸውና ባልወጣባቸው ቀናት መካከል የትኩሳትም የተቅማጥም የእንቅልፍም ልዩነት አልተገኘም። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ወላጆቹ ያሳለፏቸውን ወራት መለስ ብለው እንዲያስታውሱ ተጠየቁ። ልጃችን በጥርሱ ምክንያት ታሞ ነበር አሉ።